ካሜሩንን የሚከፍላት የትኛው መስመር ነው?

ብዙ ኢትዮጵያዊ ካሜሩንን የሚያውቃት በእግር ኳስ ነው። የሮዤ ሚላና የሳሙኤል ኤቶ አገር ናት፤ ዋልያዎቹም በ2022 መጀመሪያ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ሁለት ጨዋታዎችን በዋና ከተማዋ በያውንዴ፣ ሦስተኛውን ደግሞ በባፉሳም አድርገውባታል። ከኳስ ውጭ ግን ባለፉት ዓመታት ስሟ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከግጭት ዜና ጋር ሲሆን፣ ዜናው «በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎችና በፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች መካከል ያለ ግጭት» በሚል አንድ ሐረግ ተጠቅልሎ ያልፋል። ሐረጉን የሰማ ሰው ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች፣ በባህልም በዘርም የማይገናኙ፣ ፊት ለፊት የቆሙ ሊመስለው ይችላል።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ካሜሩን በእርግጥ በጣም የተለያዩ ሕዝቦች የሚኖሩባት አገር ናት፤ ሕዝቦቹን የለያያቸው ግን ደኑ፣ ተራራውና የሣር ምድሩ እንጂ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ አይደሉም። ዛሬ ደም የሚፈስበት መስመር ከእነዚህ የተፈጥሮ መስመሮች ጋር አይገጥምም፤ እንዲያውም አቋርጧቸው ያልፋል። ይህን ለማየት በቅድሚያ አገሪቱን፣ ከዚያ ባህሏን፣ በመጨረሻም ቋንቋዎቹን በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሪቱ ምን ትመስላለች?

ካሜሩን ወደ 475 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት አላት፤ ከኢትዮጵያ ግማሽ እንኳ አትሞላም። በካርታ ላይ ስትታይ ሦስት ማዕዘን ናት፤ ሰፊው መሠረቷ በደቡብ ከጋቦን፣ ከኢኳቶሪያል ጊኒና ከኮንጎ ሪፐብሊክ ጋር በሚያዋስናት ጥቅጥቅ ደን ላይ ያርፋል፤ ጫፏ ደግሞ በሰሜን እየጠበበ ሄዶ የቻድ ሐይቅን ይነካል። በምዕራብ ናይጄሪያ፣ በምሥራቅ ቻድና የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ያዋስኗታል። በዚህች ሦስት ማዕዘን ውስጥ ከ250 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ።

የመሬቱን ልዩነት ለመረዳት ባቡሩን መከተል ይበቃል። ሐዲዱ የሚነሳው ከዱዋላ ወደብ ነው። ዱዋላ ሙቀትና እርጥበት የማይለያት፣ የአገሪቱ ትልቋ የንግድ ከተማ ስትሆን ባሕር በር የሌላቸው ቻድና የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዕቃቸውን በአብዛኛው የሚያስገቡት በእሷ በኩል ነው፤ ጅቡቲ ለእኛ የሆነችውን ያህል ማለት ነው። ከዱዋላ ሐዲዱ ወደ ያውንዴ ኮረብታዎች ይወጣል፤ ከያውንዴ ባቡሩ አመሻሽ ላይ ተነሥቶ ሌሊቱን በሙሉ በደን ውስጥ ይጓዛል፤ ሲነጋ ደኑ ሳስቶ፣ ዛፎቹ ተራርቀው፣ ሣር ሜዳውና የከብት መንጋው ይታያል። የሐዲዱ መጨረሻ ንጋውንዴሬ በአዳማዋ ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የመኪና ነው፤ ወደ ጋሩዋ ቆላ ይወርድና በማሩዋ በኩል አድርጎ ዝናብ ወደሚያጥርበት የሳሕል ምድር ይዘልቃል።

የቱሪስት ማስታወቂያዎች «ትንሿ አፍሪካ» የሚሏት በዚህ ምክንያት ነው። የማስታወቂያ አባባል ብዙ ጊዜ የተጋነነ ቢሆንም ይኼኛው ከእውነታው ብዙም አይርቅም፤ ሞቃታማ የባሕር ጠረፍ፣ ዝናባማ ደን፣ እሳተ ገሞራ፣ ደጋ፣ ሣር ምድርና ደረቅ ሜዳ በአንድ አገር መንገድ ላይ በተራ ይገኛሉ።

እሳተ ገሞራው ለአገሪቱ ምን አደረገላት፣ ምንስ አደረሰባት?

ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ደሴቶች ተነሥቶ ወደ የብስ የሚገባና በናይጄሪያ ድንበር አቅራቢያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚቀጥል የእሳተ ገሞራ ተራሮች ሰንሰለት አለ። ከሁሉ የሚበልጠው በጠረፉ ላይ ብቻውን የቆመው የካሜሩን ተራራ ሲሆን ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በ1999ና በ2000 ፈንድቶ ቀልጦ የወጣው ድንጋይ በጎኑ ወርዷል። ከባሕር የሚመጣው እርጥብ አየር በዚህ ተራራ ሲገታ ዝናቡን በግርጌው ላይ ያራግፋል፤ በዚያ የምትገኘው ዴቡንሻ የምትባል መንደር በዓመት ወደ 10,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ በምድር ላይ ብዙ ዝናብ ከሚጥልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ናት።

ከእሳተ ገሞራ የተገኘው አፈር ለም ነው። በሰንሰለቱ ላይ ያሉት ደጋዎች ነፋሻማ፣ ለቡናም ለበቆሎም የሚስማሙ በመሆናቸው ሕዝቡ ተጠጋግቶ የሠፈረባቸው ናቸው። አደጋውም ከዚያው ይመጣል። በሰሜን ምዕራብ ካሜሩን የሚገኘው የኒዮስ ሐይቅ በአሮጌ የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ፣ ጥልቀቱ ከ200 ሜትር በላይ የሆነ ሐይቅ ነው። ከምድር ውስጥ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ በሐይቁ ወለል በኩል ሰርጎ በታችኛው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይጠራቀማል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ክዳኑ እስኪነሳ ድረስ ጋዙ እንደማይታየው፣ እዚህም ጋዙን አፍኖ የያዘው ክዳን በላዩ የተጫነው ውሃ ክብደት ነበር።

ኦገስት 21 ቀን 1986፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ያ ክዳን ተነሣ። የታችኛው ውሃ ወደ ላይ ገንፍሎ ጋዙ በአንድ ጊዜ ወጣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ሰማይ አልተበተነም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሸለቆዎቹን ተከትሎ ወረደና በእንቅልፍ ላይ ያሉትን መንደሮች ሸፈነ። ከ1,700 በላይ ሰዎችና ከ3,000 በላይ ከብቶች ታፍነው ሞቱ። ከሰዓታት በኋላ ራሳቸውን ያወቁ ሰዎች ቤተሰባቸው በዙሪያቸው ሞቶ አገኙ፤ ቤቱም ዕቃውም እንደነበረ ነው፤ የሐይቁ ቀለም ብቻ ከሰማያዊነት ወደ ቀይ ተለውጧል። በ2001 ከታችኛው ውሃ እስከ ገጹ የሚደርስ ቧንቧ ተተከለ። ውሃው አንድ ጊዜ በፓምፕ ከተሳበ በኋላ ጋዙ ራሱ እየገፋ ስለሚያወጣው ያለ ሞተር ይሠራል፤ በ2011 ሌሎች ሁለት ቧንቧዎች ተጨመሩ፤ በሐይቁ ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝም በእጅጉ ቀነሰ።

በደጋው ላይ ያሉት መንግሥታት እንዴት ያሉ ናቸው?

ኒዮስን የያዘው ደጋ «ሣራማ ከፍታዎች» በመባል ይታወቃል። በዚህ ደጋ በርካታ ትናንሽ መንግሥታት ጎን ለጎን ኖረዋል፤ አሁንም ንጉሦቻቸው አሉ። ንጉሡ በአንዳንዱ አካባቢ ፎን፣ በሌላው ፎ ወይም ሱልጣን ይባላል። ንጉሡ የፈለገውን አድራጊ ግን አይደለም፤ አባላቱ ጭንብል ለብሰው ሌሊት የሚወጡ፣ ንጉሡን የሚሾሙና የሚገሥጹ ምሥጢራዊ የሽማግሌዎች ማኅበራት አሉ። ሥልጣን በቤተ መንግሥቱና በማኅበሩ መካከል የተከፈለ ነው።

ይህ ሥርዓት ጎልቶ የሚታየው በባሙን መንግሥት፣ በፉምባን ከተማ በሚከበረው ንጉኦን በተባለው በዓል ነው። በበዓሉ ላይ ሱልጣኑ ከዙፋኑ ወርዶ በሕዝብ ፊት ይቆማል፤ የየማኅበራቱ ተወካዮች በሕዝቡ ስም ያጠፋውን፣ ቃል ገብቶ ያልፈጸመውን፣ አድልቷል የሚባልበትን ነገር እየቆጠሩ ይወቅሱታል። ለዚያች ሰዓት ከንግሥናው እንደ ተሻረ ይቆጠራል። ወደ ዙፋኑ የሚመለሰው ወቀሳውን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ዩኔስኮ ሥርዓቱን በ2023 የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል።

የፉምባን ነገር ከተነሣ ኢብራሂም ንጆያን ማለፍ አይቻልም። ንጆያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነገሠ የባሙን ሱልጣን ነው። ከ1896 ገደማ ጀምሮ ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ጋር ሆኖ ለሕዝቡ ቋንቋ የራሱን ፊደል ፈጠረ። የመጀመሪያው ፊደል ከ500 የማያንሱ ሥዕል መሰል ምልክቶች ነበሩት፤ ንጆያ ግን በዚያ አልረካም፤ ደጋግሞ እያሻሻለ በ1910 ገደማ ወደ 80 ምልክቶች አወረደው። ጥንታዊና የራሷ የሆነ ፊደል ያላት አፍሪካዊት አገር ኢትዮጵያ ብቻ ናት እየተባልን ላደግን ሰዎች ይህ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ የንጆያ ፊደል እንደ ግዕዝ ጥንታዊ አይሁን እንጂ ምልክቶቹ እንደ ግዕዙ ሁሉ ክፍለ ቃልን የሚወክሉ ናቸው። ንጆያ በዚህ ፊደል ትምህርት ቤቶች ከፈተ፣ የመንግሥቱን ታሪክና ልማድ አስጻፈ፣ የአገሩን ካርታ አስነሣ፣ የመዳብ ማተሚያም አሠራ። ፈረንሳዮች አካባቢውን ከያዙ በኋላ ግን ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፤ ንጆያም ወደ ያውንዴ ተግዞ በ1933 በዚያው ሞተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። ባሙንና ጎረቤቶቹ ባሚሌኬዎች የሚኖሩት ዛሬ «ፈረንሳይኛ ተናጋሪ» በሚባለው ወገን ነው። ባሜንዳ፣ ባፉትና ኮም ደግሞ በዚያው ደጋ ላይ ሆነው «እንግሊዝኛ ተናጋሪ» በሚባለው ወገን ናቸው። ንጉሡ፣ የምሥጢር ማኅበሩ፣ ጭንብሉ፣ የለቅሶው ሥርዓት በሁለቱም በኩል ይመሳሰላል። ምግቡም እንዲሁ ነው። በባሜንዳ አቹ የሚባለው ምግብ ተቀቅሎ በሙቀጫ የተወቀጠ ጎደሬ ነው፤ በሰሃን ላይ እንደ ጉብታ ይደረግና መሐሉ በጣት ተከፍቶ ከዘንባባ ዘይት የተሠራ ቢጫ መረቅ ይፈስበታል፤ የሚበላውም በጣት ጎደሬውን እያጠቀሱ ነው። በፈረንሳይኛው ወገን በምትገኘው በባፉሳም ይኸው ምግብ ይቀርባል፤ ስሙ ብቻ በፈረንሳይኛ «ጎደሬ በቢጫ መረቅ» ይሆናል።

በጠረፉ፣ በደኑና በሰሜንስ?

በባሕሩ ጠረፍ የሚኖሩት ሕዝቦች በጥቅሉ ሳዋ ይባላሉ። ዱዋላዎች ከነሱ አንዱ ናቸው። ኑሯቸው በወንዝና በባሕር ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ትልቁ በዓላቸው ንጎንዶም የውሃ በዓል ነው። በዲሴምበር ወር ሕዝቡ በውሪ ወንዝ ዳር ይሰበሰባል፤ ለዚህ የተመረጠው ጠላቂ ቅርጫት ይዞ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ከውሃው በታች ከሚኖሩት መናፍስት የዓመቱን መልእክት ተቀብሎ ይመለሳል ተብሎ ይታመናል። አለቆቹ ያመጣውን አይተው ትርጉሙን ይነግራሉ፤ ከዚያ የጀልባ ውድድሩ ይቀጥላል።

ካሜሩኖች በአንድ ድምፅ የአገራችን ምግብ የሚሉት ንዶሌም መነሻው ከዚሁ ጠረፍ ነው። ዋናው ነገሩ መራራ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ እኛ ግራዋ ከምንለው ተክል ጋር የአንድ ወገን ነው። እኛ የጠላ እንስራ የምናጥብበትን፣ ለሆድ ሕመም የምንጨምቀውን ቅጠል እነሱ ደጋግመው ቀቅለውና አጥበው ምሬቱን ካወጡለት በኋላ ከተፈጨ ለውዝ፣ ከሥጋና ከሽሪምፕ ጋር ይሠሩታል። ምሬቱ ሙሉ በሙሉ መጥፋት የለበትም፤ ትንሽ መቅረት አለበት።

በደቡብ ምሥራቁ ደን ባካ የሚባሉ፣ በአደንና በለቀማ የኖሩ ሕዝቦች አሉ፤ በደኑ መመንጠርና በጥብቅ ክልሎች መስፋፋት ምክንያት አኗኗራቸው እየጠበበ ነው። በሰሜን ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተነሣው የፉላኒዎች እስላማዊ ንቅናቄ እስከ አዳማዋ ዘልቆ ላሚዶ የሚባሉ ገዢዎችን አቋቋመ፤ ለመገዛት ያልፈለጉት ሕዝቦች ወደ ማንዳራ ተራሮች ወጥተው እርከን እየሠሩ ማሽላና ዳጉሳ ዘሩ። በሰሜኑ ገበያ ዛሬም የሚያግባባው ፈረንሳይኛ ሳይሆን የፉላኒዎች ቋንቋ ፉልፉልዴ ነው።

ታዲያ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ከየት መጡ?

ሁለቱም ከውጭ የመጡ ቋንቋዎች ናቸው፤ የመጡትም ከሦስተኛ ገዢ በኋላ ነው። በ1884 የዱዋላ አለቆች ከጀርመኖች ጋር ውል ተፈራረሙ፤ አገሩ የጀርመን ቅኝ ግዛት ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ስትሸነፍ ብሪታንያና ፈረንሳይ ግዛቱን ተካፈሉት። ፈረንሳይ አራት አምስተኛውን ያህል ወሰደች፤ ብሪታንያ ከናይጄሪያ ጋር የሚዋሰነውን ቀጭን የምዕራብ ክፍል ያዘች። መስመሩ በደቡብ የሙንጎን ወንዝ ተከትሎ ሲወጣ የጠረፉን ሕዝቦች በሁለት ከፈለ፤ ወደ ላይ ሲቀጥል ደግሞ ደጋውን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ አለፈ። መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች ለሳዋም ለሣራማ ከፍታዎቹም አልተጨነቁም።

የፈረንሳዩ ክፍል በጃንዋሪ 1, 1960 ነፃ ወጣ። የብሪታንያው ክፍል ግን በ1961 ሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብለት ምርጫው ሁለት ብቻ ነበር፤ ከናይጄሪያ ጋር መሆን ወይም ከካሜሩን ጋር መሆን። ራስን ችሎ መቆም በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሰሜናዊው ቁራጭ ናይጄሪያን መረጠ። ደቡባዊው በ233,571 ድምፅ ለ97,741 ካሜሩንን መረጠ። በዚያው ዓመት ጁላይ የሁለቱ ወገን መሪዎች በንጆያ ከተማ በፉምባን ተሰብስበው ስለ ፌዴሬሽኑ ሕገ መንግሥት ተነጋገሩ፤ የእንግሊዝኛው ወገን ረቂቁን ተዘጋጅቶ ያገኘው እዚያ ከደረሰ በኋላ መሆኑ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ቅሬታ ነው። ፌዴሬሽኑ ራሱ በ1972 በሕዝበ ውሳኔ ፈርሶ አገሪቱ አሐዳዊ ሆነች። በ1984 ደግሞ የአገሪቱ ስም «የካሜሩን ሪፐብሊክ» ተባለ፤ ይህ ስም የፈረንሳዩ ክፍል በ1960 ብቻውን ነፃ ሲወጣ የያዘው ስም ነበር።

ሰዎች የሚጣሉት ታዲያ በምንድን ነው?

«እንግሊዝኛ ተናጋሪ» የሚባለው ከአሥሩ ክልሎች ውስጥ የሁለቱ፣ ማለትም የሰሜን ምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ተወላጅ ነው። ብዙው በቤቱ የሚናገረው የራሱን የአካባቢ ቋንቋ ሲሆን በገበያ ደግሞ ፒጂን የሚባለውን ከእንግሊዝኛ የተወለደ መግባቢያ ይጠቀማል። ስለዚህ ጥያቄው አፍ የፈታበት ቋንቋ ጉዳይ አይደለም። የብሪታንያ አርባ ዓመታት የተዉት ሁለት ተቋማት ናቸው፤ ፍርድ ቤትና ትምህርት ቤት።

በእንግሊዝኛው ወገን ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በኮመን ሎው ነው፤ ዳኛው ቀደም ሲል በተሰጡ ፍርዶች ይመራል፤ የክርክሩ ዋና ተዋናዮችም ጠበቆቹ ናቸው። በፈረንሳይኛው ወገን እንደኛው አገር በመጽሐፍ የተደነገገ ሕግ ይሠራል፤ የ1960ው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀ በመሆኑ ሥርዓቱ ለኛ እንግዳ አይደለም። በኦክቶበር 2016 የሁለቱ ክልሎች ዋና ከተሞች የባሜንዳና የቡዌያ ጠበቆች አደባባይ የወጡት ኮመን ሎው ያልተማሩ፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ ዳኞች ተመድበውብናል፣ ሕጎችም በእንግሊዝኛ አይታተሙልንም ብለው ነበር። በቀጣዩ ወር መምህራን በተመሳሳይ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ የእንግሊዝኛው የፈተና ሥርዓት ከፈረንሳይኛው የተለየ ሆኖ ሳለ ፈረንሳይኛ የሚናገሩ መምህራን ይላኩ ነበርና።

መንግሥት የሰጠው ምላሽ ነገሩን አባባሰው። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 2017 በሁለቱ ክልሎች ኢንተርኔት ተዘጋ፤ አስተባባሪዎቹ ታሰሩ። ኦክቶበር 1 ቀን 2017 ተገንጣዮች «አምባዞኒያ» የሚል አገር መሥርተናል ብለው አወጁ፤ ከዚያ ወዲህ በታጣቂዎቹና በመንግሥት ጦር መካከል በሚካሄደው ውጊያ ከ6,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ታጣቂዎቹ ሰኞ ሰኞ ሱቅ እንዳይከፈት አዘዋል፤ ለዓመታት ትምህርት ቤቶችን አዘግተዋል። የመንግሥት ወታደሮች መንደሮችን በማቃጠል ይከሰሳሉ። ከግጭቱ አስገራሚ ገጾች አንዱ፣ በያውንዴና በዱዋላ ያሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ወላጆች ራሳቸው ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች የሚያስመዘግቡ መሆናቸው ነው።

የጥንቱ ባህል መስመሮችም ጨርሰው አልጠፉም። በደቡብ ምዕራብ ያሉ ብዙ ሳዋዎች ከደጋ ወርደው በመሬታቸው የሠፈሩትን የባሜንዳ ሰዎች እንደ እንግዳ ያዩአቸዋል፤ ከሙንጎ ወንዝ ማዶ ላሉት ለዱዋላ ዘመዶቻቸው ይበልጥ ይቀርባሉ። በ1990ዎቹ የባሜንዳና የባሚሌኬ ፖለቲከኞች በተቃዋሚነት ሲገጥሙ ባላንጣዎቻቸው በአንድ ስም ይጠሯቸው ነበር። «እንግሊዝኛ ተናጋሪ» የሚለው ማንነት ከውስጥ አንድ ወጥ ሳይሆን የሚጨበጥ የሚሆነው በፍርድ ቤቱ፣ በመማሪያ ክፍሉና ከያውንዴ በሚመጣው ሹመት ነው።

አሁን ጉዳዩ የት ደርሷል?

ከኖቬምበር 1982 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ያሉት ፕሬዚዳንት ፖል ቢያ በኦክቶበር 2025 በተካሄደው ምርጫ በ92 ዓመታቸው እንደገና አሸናፊ ተብለዋል። መንግሥታቸው በ2019 መጨረሻ በወጣ ሕግ ለሁለቱ ክልሎች «ልዩ ደረጃ» ሰጥቷል። በሕጉ መሠረት በሁለቱ ክልሎች ከተመረጡ ተወካዮች ሌላ የባህል መሪዎች ብቻ የሚቀመጡበት የአለቆች ምክር ቤት አለ። የባሜንዳው ፎን የራሱ ምክር ቤት ሲኖረው፣ በዚያው ደጋ ላይ፣ በተመሳሳይ ሥርዓት የነገሠው የባሚሌኬ አለቃ ግን እንደ ማንኛውም የክልል ምክር ቤት አባል ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል። ተገንጣዮቹ ልዩ ደረጃውን አልተቀበሉትም፤ በጀት መድቦ የሚልከውም ሆነ ገዢዎቹን የሚሾመው አሁንም ያውንዴ ነው።